«አዲሱ ጣሪያ ወጪውን ራሱ ይመልሳል» የሚለው ስሌት የት ላይ ይሳሳታል?

በአሜሪካ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ማለትም በፍሎሪዳ፣ በአላባማና በሉዊዚያና ቤት ያለው ሰው በየዓመቱ ሁለት ነገር እየፈራ ይጠብቃል። አንደኛው የሀሪኬን ወቅት ነው። ሁለተኛው የቤት ኢንሹራንስ ሂሳብ ነው። የመጀመሪያው አንዳንድ ዓመት ሳይነካው ያልፋል፤ ሁለተኛው ግን ቀርቶ አያውቅም።

በእነዚህ ሁለት ፍርሃቶች መካከል አንድ ማራኪ ምክር ቆሟል። ጣሪያ ሠሪዎች በማስታወቂያ ይሉታል፣ የቤት መጽሔቶች ይጽፉታል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይነግረዋል፦ «ጣሪያዎን ያጠናክሩ፤ ኢንሹራንስዎ ይቀንሳል፤ ወጪው ራሱን ይመልሳል።» ስሌቱም ቀላል ነው። የጣሪያውን ዋጋ በዓመታዊው ቅናሽ ታካፍላላችሁ፤ የሚወጣው ቁጥር ወጪው የሚመለስበት ዓመት ነው። በቃ።

የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ስሌት ይተቻል። ጣሪያ ማጠንከር ከንቱ ነው ለማለት ግን አይደለም። እንዲያውም ነገሩ ጥሩ ነው፤ መጥፎው መለኪያው ነው። መጥፎ መለኪያ ደግሞ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው፦ አንዱን ቤተሰብ ያለ ጊዜው ብዙ ሺህ ዶላር ያስወጣዋል፤ ሌላውን ደግሞ ቤቱን ሊያድንለት ይችል የነበረውን ትንሽ ገንዘብ እንዳያወጣ ያደርገዋል። ሁለቱም «በሂሳብ ነው የወሰንኩት» ይላሉ።

እስቲ ከፊዚክሱ እንጀምር።

ነፋስ ጣሪያን ይገፋል ወይስ ይስባል?

ብዙ ሰው ነፋስ ጣሪያን ገፍቶ የሚጥለው ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን ጣሪያ የሚሄደው ወደ ላይ ተስቦ ነው። ነፋሱ የጣሪያውን ጠርዝ ሲመታ ከገጹ ይላቀቅና ይሽከረከራል፤ በዚያ ሽክርክሪት ሥር የአየር ግፊቱ በጣም ዝቅ ይላል። ከጣሪያው በታች፣ ቤቱ ውስጥ ያለው አየር ግን ግፊቱ እንዳለ ነው። መስኮት ወይም በር ከተሰበረ ደግሞ ነፋሱ ገብቶ ከውስጥም ወደ ላይ ይገፋል። ከላይ መሳብ፣ ከታች መግፋት ማለት ነው። አገር ቤት ነፋስ ቆርቆሮ ሲገነጥል ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ መጀመሪያ የሚነሳው ጠርዙ ወይም ማዕዘኑ ነው፤ መሀሉ ቀጥሎ ነው የሚከተለው።

ኃይሉ ምን ያህል ነው? መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ቀመር አጭር ነው፦ ግፊት ከ0.613 ሲባዛ በፍጥነት ስኩዌር ጋር እኩል ነው። ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ፣ ግፊቱ በኒውተን በካሬ ሜትር ይለካል። 0.613 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ የአየር እፍጋት ግማሽ ነው። ዋናው ነገር «ስኩዌር» የሚለው ቃል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። የአሜሪካ ቤት ጣሪያ ብዙውን ጊዜ በካፕሪያታው ላይ ኮምፖንሳቶ ወይም መሰል ጣውላ ይመታበትና በላዩ ሺንግል ይነጠፍበታል። አንዱ ጣውላ በግምት 1.2 በ2.4 ሜትር ነው፤ ስፋቱ ወደ 3 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ነፋሱ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሆን በዚህ ጣውላ ላይ ያለው ኃይል ከ116 ኪሎ ገደማ ክብደት ጋር ይስተካከላል። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን 465 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ይህ እንግዲህ ተራው ስሌት ነው። ጠርዝና ማዕዘን ላይ መሳቡ ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ስለሚችል አንዱን የማዕዘን ጣውላ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይጎትተዋል። ያንን ሁሉ የሚይዘው ምንድን ነው? ጥቂት ደርዘን ሚስማር።

ስለዚህ ጥያቄው ጣሪያው «አዲስ ነው ወይስ አሮጌ» ከሚለው ይልቅ «በምን ተያይዟል» የሚለው ነው።

የታወቀው ቪዲዮ፣ የሚያሳየውና የሚደብቀው

በደቡብ ካሮላይና ሪችበርግ በምትባል ከተማ ከ2010 ጀምሮ የሚሠራ ትልቅ የነፋስ ቤተ ሙከራ አለ። ባለቤቱ አይ.ቢ.ኤች.ኤስ የተባለው፣ በኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚደገፍ የምርምር ተቋም ነው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ 105 ግዙፍ ማራገቢያዎች ተደርድረዋል፤ ሙሉ መጠን ያለው ቤት ተሠርቶ ፊታቸው ይቆማል።

ከእነዚህ ሙከራዎች የአንዱ ቪዲዮ በዓለም ዙሪያ ታይቷል። ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከውጭ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። አንዱ በተለመደው መንገድ የተሠራ ነው፣ ሌላው መጋጠሚያዎቹ ተጠናክረዋል። ማራገቢያዎቹ ይነሳሉ። ትንሽ ቆይቶ ተራው ቤት ተንኮታኩቶ ይወድቃል፤ ሌላው ቆሞ ይቀራል።

እንደ ማስተማሪያ ቪዲዮው ድንቅ ነው። በጽሑፍ ሦስት ገጽ የሚፈጅ ነገር በጥቂት ደቂቃ ያስረዳል፦ ልዩነቱ የሚታየው ግድግዳና ቀለም ላይ ሳይሆን የማይታየው መጋጠሚያ ላይ ነው። ሳይንስ ለሕዝብ ሲቀርብ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

ግን እንደ ማስረጃ ስንመዝነው ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ በቪዲዮው ያሸነፈው ቤት ከጣሪያ እስከ መሠረት የተያያዘ ቤት ነው። ጣሪያውን ብቻ የሚቀይር ባለቤት ያንን ቤት አልገዛም። ቪዲዮውን አይቶ «ጣሪያዬን ብቀይር ቤቴ እንደዚያ ይቆማል» ማለት ከታየው በላይ መደምደም ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ካሜራ የሚወደው መውደቅን ነው። በእውነተኛ ሀሪኬን ግን ሙሉ በሙሉ የሚወድቀው ቤት ጥቂት ነው። ብዙውን ገንዘብ የሚበላው ሌላ ጸጥ ያለ ነገር ነው፦ ውሃ። ነፋሱ ጥቂት ሺንግል ይገነጥላል፤ በጣውላዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ዝናብ ይገባል፤ ኮርኒሱ ይረጥባል፣ ይሸከማል፣ ይወርዳል፤ ግድግዳው ይሻግታል፤ ወለሉ ያብጣል። ከመንገድ ለሚያየው ሰው ቤቱ ደህና ነው። ውስጡ ግን አይኖርበትም።

የሚገርመው፣ የዚሁ ተቋም «ፎርቲፋይድ» የተባለው የጣሪያ መስፈርት የተነደፈው በዋናነት ለዚህ ጸጥተኛ ጠላት ነው። ዋና ዋናዎቹ ሥራዎች እነዚህ ናቸው። ጣውላው የሚመታው አካሉ ላይ ቀለበት በተቀረጸበት ሚስማር ነው፤ ቀለበቶቹ እንጨቱን ነክሰው ስለሚይዙ ከለስላሳው ሚስማር ጋር ሲነጻጸር የመያዝ ኃይሉን ወደ እጥፍ ያሳድጉታል። የጣውላዎቹ መጋጠሚያ በማጣበቂያ ቴፕ ይታሸጋል ወይም ሙሉው ጣሪያ በሚጣበቅ ሽፋን ይለበሳል፤ ሺንግሉ ቢሄድ እንኳ ውሃ አይገባም። ጠርዙ ሰፊ ላሜራ ተደርጎለት በደንብ ይመታል፤ ምክንያቱም መገንጠል የሚጀምረው ከዚያ ነው። በመጨረሻም ከሠሪው ጋር ያልተያያዘ መርማሪ መጥቶ በየደረጃው ፎቶ ያነሳል፣ ያረጋግጣል። የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደገና መታየት አለበት።

ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ ምንም አስደናቂ ቴክኖሎጂ የለም። ሚስማር፣ ቴፕ፣ ላሜራ፣ ቁጥጥር። ለቪዲዮ የሚሆን ነገር አይደለም። ግን ሥራውን የሚሠራው ይህ ነው።

ከአዳራሽ ወደ እውነተኛው ሀሪኬን

«ተቋሙን የሚደግፉት ኢንሹራንስ ድርጅቶች ናቸው፤ እነሱ ያሉትን እንመን?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥቅም ያለው ሰው የተናገረው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ በሌላ መንገድ መፈተን አለበት ማለት ነው።

ፈተናው በአላባማ መጣ። ሀሪኬን ኢቫን መስከረም 16 ቀን 2004 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ገልፍ ሾርስ በምትባል የአላባማ ጠረፍ ከተማ በኩል ወደ የብስ ገባ። ልክ በ16ኛ ዓመቱ፣ መስከረም 16 ቀን 2020፣ ሀሪኬን ሳሊ በዚያችው ከተማ በኩል ገባ። በሁለቱ መካከል አላባማ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ጣሪያቸውን ላጠናከሩ ሰዎች ኢንሹራንስ ድርጅቶች ቅናሽ እንዲሰጡ በሕግ አዘዘች፤ ከ2016 ጀምሮም እስከ 10 ሺህ ዶላር የሚደርስ ድጋፍ ለባለቤቶች መስጠት ጀመረች። ዛሬ በአላባማ የፎርቲፋይድ ምስክር ወረቀት ያላቸው ቤቶች ከ50 ሺህ በላይ ናቸው፤ ከየትኛውም ግዛት ይበልጣል።

ከሳሊ በኋላ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኢንሹራንስ መረጃ ሰብስበው አነጻጸሩ። በ2025 የወጣው ውጤት፣ የተጠናከሩት ቤቶች ካሣ የጠየቁበት ድግግሞሽ ከተራዎቹ ከ55 እስከ 74 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ጉዳት ከደረሰባቸው መካከልም የጉዳቱ መጠን አነስተኛ ነበር። ይህ ከአዳራሽ የወጣ ቁጥር አይደለም፤ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች፣ እውነተኛ ነፋስ፣ እውነተኛ ዝናብ ናቸው።

ሳይንስ የሚወድ አንባቢ ግን እዚህም ጋ እጁን ማንሳት አለበት። ጣሪያቸውን ያጠናከሩ ሰዎች እነማን ናቸው? ምናልባት ቤታቸውን በደንብ የሚይዙ፣ ገንዘብም ያላቸው ይሆናሉ። የተጠናከረ ጣሪያ ደግሞ በተፈጥሮው አዲስ ጣሪያ ነው። አዲስ ጠንካራ ጣሪያን ከ20 ዓመት አሮጌ ተራ ጣሪያ ጋር ብናወዳድር ከልዩነቱ ከፊሉ የዕድሜ እንጂ የሚስማር አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ከማን ጋር ሲወዳደር?» ብላችሁ ነው። ሌላም አለ፦ ሳሊ ወደ የብስ ስትገባ ደረጃዋ 2 ነበር፣ ፍጥነቷም በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1992 ደቡብ ፍሎሪዳን ያወደመው አንድሩና በ2018 የመታው ማይክል ግን ደረጃ 5 ነበሩ። «ስኩዌር» የሚለውን ቃል አስታውሱ። ሳሊ ጥሩ ፈተና ነበረች፣ የመጨረሻው ፈተና ግን አይደለችም።

እነዚህን ጥንቃቄዎች ይዘንም መደምደሚያው ጸንቶ ይቆማል፦ ነገሩ ይሠራል። ታዲያ ችግሩ የት ነው? ገንዘቡ ላይ ነው።

ስሌቱን እንፍታው

አንድ የፈጠርኩት ቤት እንውሰድ፤ ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለማስላት እንዲመቹ ነው። ቤቱ ኢንሹራንስ የተገባለት በ300 ሺህ ዶላር ነው። ዓመታዊው አረቦን 4,000 ዶላር ነው። ተራ አዲስ ጣሪያ 15,000 ዶላር ያወጣል። የተጠናከረው ከነምርመራው 18,500። ኢንሹራንሱ «30 በመቶ ቅናሽ» ይላል።

ማስታወቂያው እንዲህ ያሰላል፦ የ4,000 ዶላር 30 በመቶ 1,200 ነው። 18,500 ለ1,200 ሲካፈል 15 ዓመት ተኩል ገደማ። «ጣሪያው ከዚያ በላይ ያገለግላል፤ ስለዚህ አዋጣ!»

የመጀመሪያው ስህተት ቅናሹ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ቅናሽ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ከጠቅላላው አረቦን ሳይሆን ለነፋስ ከሚከፈለው ክፍል ብቻ ነው። አረቦኑ ውስጥ የእሳት አለ፣ የስርቆት አለ፣ ሰው ግቢያችሁ ውስጥ ወድቆ ቢከሳችሁ የሚከፈል አለ። ጣሪያ ሌባ አይከለክልም። በእኛ ቤት የነፋሱ ክፍል 2,500 ዶላር ነው እንበል። 30 በመቶው 750 ይሆናል። አሁን 18,500 ለ750 ሲካፈል ወደ 25 ዓመት ሄደ። ደስ የሚለው «አዋጣ» ተነነ።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ በተቃራኒው በኩል ነው። ሙሉውን 18,500 ለምን ቆጠርነው? ጣሪያው አርጅቶ ከሆነ የግድ መቀየሩ አይቀርም፤ 15,000ው በማንኛውም መንገድ ይወጣል። የማጠንከሪያው እውነተኛ ዋጋ ልዩነቱ ብቻ ነው፦ 3,500 ዶላር። ያ ለ750 ሲካፈል አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም!

እንግዲህ እዩ። ያው ጣሪያ፣ ያው ቅናሽ፣ ያው ቤት። የድሮው ጣሪያ ገና አሥር ዓመት የሚሄድ ከሆነ መልሱ ወደ 25 ዓመት ይጠጋል፤ የሚቀየርበት ጊዜ ከደረሰ ደግሞ ከ5 ዓመት በታች ነው። ማስታወቂያው የሰጠው 15 ዓመት ለሁለቱም አይሆንም። ለአንዱ ያለ ጊዜው አውጣ ይለዋል፤ ለሌላው ግልጽ የሆነውን ትርፍ አጠራጣሪ ያስመስልበታል። ከሁሉ በላይ የሚወስነው «መቼ» የሚለው ነው፤ በስሌቱ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

የተረሳው 15 ሺህ ዶላር

አሁን ወደ ትልቁ ጉድለት እንምጣ። ስሌቱ የሚያውቀው ከኢንሹራንስ የሚቀነሰውን ብቻ ነው። ኢንሹራንሱ የማይከፍለውን ግን አያውቅም።

በሀሪኬን አካባቢ የቤት ውል ውስጥ ከባለቤቱ ኪስ የሚወጣ የመጀመሪያ ድርሻ አለ፤ ዲዳክቲብል ይሉታል። ለተራ ጉዳት ይህ ድርሻ የተወሰነ ገንዘብ ነው፤ ለሀሪኬን ግን ብዙውን ጊዜ በመቶኛ ይሰላል። በፍሎሪዳ 2፣ 5 ወይም 10 በመቶ የተለመደ ነው። መቶኛው የሚሰላው ከደረሰው ጉዳት እንዳይመስላችሁ፤ ቤቱ ኢንሹራንስ ከተገባበት ዋጋ ነው። በእኛ የ300 ሺህ ዶላር ቤት 5 በመቶ ማለት 15,000 ዶላር ነው። ነፋሱ 14,000 ዶላር የሚያወጣ ጉዳት ካደረሰ ኢንሹራንሱ አንድ ሳንቲም አይከፍልም።

ይኸውና፣ ለዓመታት ሲከፍሉት የነበረው ኢንሹራንስ መካከለኛውን ጉዳት የሚመልሰው ባለቤቱ ራሱ ላይ ነው። የተጠናከረ ጣሪያ ይበልጥ የሚከላከለው ደግሞ ይህንኑ መካከለኛ ጉዳት ነው፤ ጥቂት ሺንግል፣ የረጠበ ኮርኒስ። ቅናሹ ከኢንሹራንስ ድርጅቱ ጋር የምትካፈሉት ጥቅም ነው፤ ያልተከፈለው ዲዳክቲብል ግን ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው።

ይህን ወደ ሂሳቡ እናስገባው። በዓመት ውስጥ ተራውን ጣሪያ እስከ ዲዳክቲብሉ ድረስ የሚጎዳ ነፋስ የመምጣት ዕድሉ 4 በመቶ ነው እንበል፤ የተጠናከረው ጣሪያ የጉዳቱን ዕድል በግማሽ ይቀንሰዋል እንበል። 0.04 በ0.5 በ15,000 ሲባዛ በዓመት 300 ዶላር ይሆናል። ከ750 ጋር ሲደመር 1,050። የ3,500 ዶላሩ ልዩነት በሦስት ዓመት ከአራት ወር ተመለሰ።

ግን 300 ዶላር የምትለዋ ቁጥርም በጣም ታታልላለች። ማንም ሰው በዓመት 300 ዶላር አይከስርም። ወይ ምንም አይሆንም፣ ወይ በአንድ ጠዋት 15,000 ይጠየቃል። 4 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በ30 ዓመት የቤት ብድር ዘመን ውስጥ ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል 71 በመቶ ነው። እንዴት? በአንድ ዓመት የመትረፍ ዕድሉ 0.96 ነው፤ ይህን 30 ጊዜ በራሱ አባዙትና 0.29 ታገኛላችሁ። የቀረው 0.71 ነው። «በ25 ዓመት አንዴ» ሲባል ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ አይምሰላችሁ። የገልፍ ሾርስ ሰዎች በ16 ዓመት ልዩነት በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ተመትተዋል።

15 ሺህ ዶላር ባንክ ያለው ሰው ይህን እንደ ወጪ ያየዋል። የሌለው ሰው ደግሞ ቀዳዳ ጣሪያ ሥር፣ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ ወራት ይቀመጣል። በሁለቱ ቤቶች «አማካይ ጉዳቱ» አንድ ነው፤ ኑሮው ግን አንድ አይደለም። አማካይ ይህን አያውቅም።

ቅናሹ ቃል ኪዳን አይደለም

የማስታወቂያው ስሌት ሌላም ድብቅ ግምት አለው፦ ቅናሹ ለ15 ዓመት፣ ለ25 ዓመት ሳይለወጥ ይቀጥላል ይላል። የቤት ኢንሹራንስ ውል ግን በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። በዚያ ላይ አረቦኑን የሚወስነው የእናንተ ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ጣሪያ፣ የግንባታ ዕቃ ዋጋ፣ ድርጅቱ ራሱ ለሌላ ድርጅት የሚከፍለው የጠለፋ ዋስትና፣ የፍርድ ቤት ክርክር ብዛት ሁሉ ይገባበታል። ከአንድሩ በኋላ በፍሎሪዳ በርካታ ኢንሹራንስ ድርጅቶች ከስረዋል። ከ2021 እስከ 2023 ባሉት ዓመታትም እንዲሁ ሆኗል፤ ያኔ ሌላ ቦታ ያጣው ሕዝብ የተጠለለበት መንግሥታዊው «ሲቲዝንስ» በግዛቱ ትልቁ የቤት ኢንሹራንስ እስከመሆን ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ጣሪያውን ያጠናከረ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አረቦኑ ጨምሮ ሊያገኘው ይችላል። «ተታለልኩ» ይላል። ላይታለል ይችላል፤ ባያጠናክር ኖሮ ይበልጥ ይጨምርበት ነበር። ግን ማንም ሰው ያልደረሰበትን ጭማሪ እያየ አይደሰትም። ሰዎች እንዲያምኑ ከተፈለገ ቃሉ መስተካከል አለበት፦ «ክፍያዎ ይቀንሳል» ሳይሆን «ከሌላው ያነሰ ይከፍላሉ» ነው እውነቱ።

በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ኢኮኖሚን ለአሥርተ ዓመታት ያጠናው ሃዋርድ ኩንሩተር ይህን ችግር ደጋግሞ አንስቶታል። ሰዎች ዛሬ የሚወጣውን ገንዘብ አጉልተው፣ ነገ የሚድነውን አሳንሰው ያያሉ አለ። መፍትሔ ብሎ ካቀረባቸው አንዱ ለብዙ ዓመት የሚጸና የኢንሹራንስ ውል ነው፤ ከማጠንከሪያ ብድር ጋር ይያያዛል፤ የብድሩ ዓመታዊ ክፍያ ከቅናሹ ካነሰ ባለቤቱ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይጠቀማል። ሐሳቡ ያማረ ነው። ችግሩ፣ ኢንሹራንስ ድርጅቶች ለነገ ዋጋ ዛሬ መታሰር አይወዱም። ይህም ራሱ ይናገራል፦ የነገውን ዋጋ ለመገመት ሙያቸው የሆነው ድርጅቶች የማይፈርሙትን ግምት፣ ማስታወቂያው ለባለቤቱ እንደ ተረጋገጠ ነገር ይሸጥለታል።

አንዱ ዶላር አራት ያድናል፣ ግን የማንን?

በአሜሪካ የሕንፃ ሳይንስ ብሔራዊ ተቋም በ2019 ያወጣው ሰፊ ጥናት አለ። አዲስ ሕንፃ በሕግ ከሚጠየቀው በላይ አጠናክሮ ለመሥራት የወጣ 1 ዶላር በአማካይ 4 ዶላር ያድናል ይላል። ይህ ቁጥር በየቦታው ይጠቀሳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ተዘልሎ ነው፦ አራቱ ዶላር ወደማን ኪስ ነው የሚገባው?

መልሱ «ወደ ብዙ ኪስ» ነው። ከፊሉ የባለቤቱ ነው። ከፊሉ የኢንሹራንስ ድርጅቱ ነው። ከፊሉ ለተፈናቃይ መጠለያ የሚያወጣው መንግሥት ነው። ከፊሉ ደንበኞቹ የማይሰደዱበት የሰፈሩ ሱቅ ነው። የጎረቤትም ድርሻ አለ፤ ከእናንተ ጣሪያ የሚነቀል ጣውላ የእሱን መስኮት አይሰብርም። ጥቅሙ የብዙዎች፣ ወጪው የአንድ ሰው ሲሆን ያ ሰው ከሚገባው በታች ያወጣል። ይህ ስስት አይደለም፤ ኢኮኖሚስቶች ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ነው።

የአላባማ ድጋፍ ትርጉም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ሉዊዚያናም ከ2023 ጀምሮ እስከ 10 ሺህ ዶላር ትሰጣለች፤ ጠያቂው ስለበዛ በዕጣ ነው የምታከፋፍለው። ፍሎሪዳ ደግሞ በ2006 ጀምራ አቁማው የነበረውን ፕሮግራም በ2022 መልሳዋለች፤ በተለመደው አሠራር ባለቤቱ 1 ዶላር ሲያወጣ ግዛቱ 2 ይጨምራል፣ እስከ 10 ሺህ። እነዚህም ትችት አያጡም። መጀመሪያ ማውጣት ያለበት ድርሻ ለሌለው ሰው «ሁለት እጥፍ እንጨምራለን» ማለት ምንም አይጠቅመውም። ዕጣም ለዕድለኛው እንጂ ይበልጥ ለተጋለጠው አይደርስም። ተከራይ ደግሞ ከሁሉም ውጭ ነው፤ ጣሪያው የእሱ አይደለም፣ የሚረጥበው ዕቃ ግን የእሱ ነው።

ይህ ነገር ለአንዳንዶቻችን ሩቅ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሂዩስተን፣ በዳላስ፣ በሚኒያፖሊስ ቤት ገዝተዋል። ሂዩስተን የሀሪኬን መንገድ ነው፤ ዳላስና ሚኒሶታ ሀሪኬን ባያውቁም የበረዶ ድንጋይ ጣሪያ ይቀጠቅጣል፤ ሚኒሶታ በ2023 የራሷን የጣሪያ ድጋፍ ፕሮግራም በሕግ አቋቁማለች። ለሂዩስተን ሰው አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለ፦ በ2017 የመጣው ሃርቪ ከተማዋን የጎዳት በነፋስ ሳይሆን በጎርፍ ነበር። ጎርፍን ምንም ዓይነት ጣሪያ አያቆመውም፤ መደበኛው የቤት ኢንሹራንስም አይሸፍነውም፣ ለብቻው ነው የሚገባው። ከታች ለሚመጣ ውሃ ከላይ መዘጋጀት ገንዘብን ማባከን ነው።

ታዲያ በምን እንመዝን?

የክፍፍሉ ስሌት ይጣል አልልም፤ ብቻውን ዳኛ መሆኑ ነው የሚያስቸግረው። ቤተሰቦቻችሁ ወይም የምታውቁት ሰው እንዲህ ያለ ውሳኔ ፊት ከቆመ አራት ጥያቄ አቅርቡለት።

አንደኛ፣ የድሮው ጣሪያ ስንት ዓመት ቀረው? ሊቀየር ከደረሰ የምታወዳድሩት ልዩነቱን ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ያዋጣል። ገና ከሆነ ጊዜውን ጠብቁ፣ እስከዚያ ገንዘቡን አጠራቅሙ።

ሁለተኛ፣ ቅናሹ ከየትኛው የአረቦን ክፍል ነው? በሕግ የታዘዘ ነው ወይስ በድርጅቱ ፈቃድ?

ሦስተኛ፣ የሀሪኬን ወይም የበረዶ ዲዳክቲብሉ በዶላር ስንት ነው? ያንን ገንዘብ በአንድ ጠዋት ማውጣት ትችላላችሁ? የማትችሉ ከሆነ ጣሪያው ከቅናሹ በላይ ለእናንተ ዋጋ አለው። ሂሳቡ «አያዋጣም» ቢላችሁ እንኳ።

አራተኛ፣ ማን ነው የሚያረጋግጠው? ሚስማሩ ከሺንግሉ ሥር ነው፤ ከተሸፈነ በኋላ አይታይም። ገለልተኛ መርማሪ ሳያየው «አጠናክሬልሃለሁ» የሚል ሠሪ የሚሸጠው ቃሉን ነው።

የጣሪያ ሥራ ነፋስ በመጣ ቀን ቤት ውስጥ ደረቅ ሆኖ ማደር ነው። ኢንሹራንሱ ለዚያ ቢያግዝ እሰየው። ጣሪያን በቅናሹ ብቻ የሚመዝን ሰው ግን ጃንጥላ ሲገዛ የሚያየው ዋጋውን ብቻ ነው፤ ዝናቡን ረስቶታል።